ፈለፈለ፦ የአንድ ግሥ ፍቺዎችና የላስታ ዐለት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ግሥ ላይ ያተኩራል። ግሡ «ፈለፈለ» ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ በሚያቀርበው ንግግር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ንግድ መስማት ለለመደ ሰው፣ አንድን ግሥ ይዞ መነሣት የቋንቋ መምህራንን ሥራ መሻማት ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ዋና መሣሪያው ግሥ ነው። ማን ምን አደረገ ብለን ስንጠይቅ «አደረገ» የሚለውን ቦታ የሚሞላልን ግሥ ነው። ግሡ ሲዛነፍ ባለቤቱም ተሳቢውም አብረው ይዛነፋሉ። ስለ ላስታ ዐለቶች በጻፍነውና በተናገርነው ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መዛነፍ እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ተራ የሚባሉት ግሦች ብዙ ፍቺ እንዳላቸው የታወቀ ነው። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ራን» ለሚለው፣ በእኛ «ሮጠ» ለምንለው ግሥ ብቻ 645 ፍቺ እንደ ለዩ ተነግሯል። በእንግሊዝኛ ሰው ይሮጣል፤ ወንዝም፣ ሞተርም፣ መሥሪያ ቤትም፣ የምርጫ ዕጩም በዚሁ ግሥ «ይሮጣሉ»። እኛም ከዚህ አናንስም። የእኛ ሊቃውንት ግሥን በቅኔ ቤት ቆጥረው፣ ዘርዝረው፣ ከነርባታው በቃል ይዘው ሲያስተምሩ ኖረዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ደስታ ተክለ ወልድና ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያበረከቱልን ታላላቅ መዛግብተ ቃላት የዚያ ሥርዓት ፍሬዎች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ የምነሣው ከጓዳ ነው።

፩. ጓዳ፣ ቆጥ፣ ማሳ

በላስታ ደጋ ባቄላና አተር ሲደርስ እሸቱ ይፈለፈላል። እናቶችና ልጆች ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ቆባውን እየከፈቱ ፍሬውን ያወጣሉ። በቆላው ወገን ደግሞ በቆሎ ይፈለፈላል፤ ፍሬው ወደ ሰፌድ፣ ቆረቆንዳው ወደ እሳት ይሄዳል። ይህ የግሡ የመጀመሪያና የዕለት ተዕለት ፍቺ ነው፦ ከሽፋኑ ወይም ከያዘው ነገር ፍሬን ለይቶ ማውጣት።

ሁለተኛው ፍቺ ከቆጥ ሥር ይገኛል። ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ቆይታ ጫጩት ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ተፈለፈሉ ይባላል። በዚህ ጊዜ ከውስጥ የሚወጣው ነገር ሕይወት አለው። እናቲቱ ሙቀት ትሰጣለች፤ ቅርፊቱን ከውስጥ የሚሰብረው ግን ጫጩቱ ራሱ ነው።

ሦስተኛውን ፍቺ ነቀዝና ትል ያስተምሩናል። ነቀዝ እህል ይፈለፍላል፣ ትል እንጨት ይፈለፍላል። ውስጡን ባዶ አድርጎ ውጪውን እንደ ነበረ ይተወዋል። ከዚሁ ዘር የወጣውን ስም የተሸከመ እንስሳም አለ፤ ፍልፈል። ፍልፈል መሬት ለመሬት እየሄደ ሥር ይበላል፤ ገበሬው እንስሳውን አያየውም፤ ከማሳው ላይ ቆልሎ የሚተወውን አፈር ግን ያያል። ይህን የአፈር ቁልል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ፍቺ የሸንጎ ነው። ብልህ ዳኛ ነገርን ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጠያቂ ሰው ምሥጢር ይፈለፍላል። የተሸፈነውን እውነት በጥያቄ ብዛት ማውጣት ማለት ነው።

አምስተኛው ፍቺ ደግሞ የዐለት ነው፦ ዋሻ ፈለፈለ፣ ከዐለት ቤት ፈለፈለ፤ የሰው እጅ በመሣሪያ ዐለትን እየቀነሰ ክፍት ቦታ ፈጠረ።

በግእዝ ደግሞ «ፈልፈለ» ከእነዚህ ሁሉ ራቅ ያለ የሚመስል ነገር ይነግረናል፤ የውኃን መፍለቅ፣ መንቆርቆር ያመለክታል። ሆኖም ውኃም ቢሆን ከምድር ሆድ ወይም ከዐለት ስንጥቅ የሚወጣ ነውና ዝምድናው አይጠፋም።

የግሡ ቅርጽም የራሱ ትምህርት አለው። «ፈለፈለ» ሁለት ፊደላት ተደግመው የተሠራ ግሥ ነው፤ እንደ ቀጠቀጠ፣ እንደ ነቀነቀ፣ እንደ ወዘወዘ። እንዲህ ያሉ ግሦች በአማርኛ ብዙውን ጊዜ የሚደጋገም ድርጊትን ያሳያሉ። ማንም ሰው በአንድ ምት አይቀጠቅጥም፤ በአንድ ጊዜ አይነቀንቅም። ፈለፈለም እንዲሁ ነው፤ ጊዜ፣ ትዕግሥትና ብዙ ምት በውስጡ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ባቄላ ስትፈለፍሉ የምትፈልጉት የወጣውን ነው፤ የቀረውን ትጥላላችሁ። ዐለት ስትፈለፍሉ ግን የምትጥሉት የወጣውን ነው፤ የምትፈልጉት የቀረውን ነው። አንዱ ግሥ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎችን ይዟል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለማጥናት የሄደው ምሁር ሁሉ ለረጅም ዘመን የተመለከተው የቀረውን ብቻ ነበር። የወጣው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

፪. አነጸ ወይስ ወቀረ?

በግእዝ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት የሚነገረው የተለመደው ግሥ «ሐነጸ» ነው፤ «ሕንጻ» የምንለው ስምም ከዚያ ይወጣል። ማነጽ ማለት መጨመር ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ እንጨት በግንብ ላይ። ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በአንድ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ የታነጸ ነው። ግድግዳው የአክሱምን ሥርዓት ተከትሎ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ ተፈራርቆ የተሠራ ነው። ዋሻው አቀፈው እንጂ እርሱ ከዋሻው አልተቀነሰም።

በላሊበላ ከተማ ያሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ግን አልታነጹም። ለእነርሱ ሊቃውንቱ «ውቅር» የሚል ቃል አላቸው፤ «ወቀረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። ይህም ግሥ ከአንድ በላይ ፍቺ አለው። በቤታችን ወፍጮ ይወቀራል፦ ወፍጮውና መጁ ሲለሰልሱና እህል አልፈጭ ሲሉ፣ ሴቶች በጠንካራ ድንጋይ ፊታቸውን እየነቆሩ ሸካራ ያደርጓቸዋል። በቅዱስ መጽሐፍ ደግሞ የአርማትያሱ ዮሴፍ ለራሱ ያዘጋጀው፣ የጌታ ሥጋ የተቀበረበት መቃብር ከዐለት የተወቀረ እንደ ሆነ ተጽፏል። ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ ባለበት ከተማ ይህ ቃል እንዲያው በአጋጣሚ የተመረጠ አድርጎ መመልከት ይከብዳል። አንዱ «ወቀረ» የጓዳን ወፍጮ ከጌታ መቃብር ጋር ያገናኛል። በትግራይ ያለችው የውቅሮ ከተማም ስሟ ከዚሁ ሥር ጋር ይያያዛል፤ ጨርቆስ የሚባለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን በዚያ ይገኛል።

ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ነገር አለ። የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ከዐለት የተወቀረ ሲሆን መልኩ ግን የታነጸ ቤት ነው። በግድግዳው ላይ ወጣ ገባ የሚለው ረድፍ የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር ይመስላል። እነዚያ ረድፎች ምንም አይሸከሙም፤ የሚያስሩት ግድግዳም የለም፤ ሁሉም አንድ ዐለት ነው። እዚህ ላይ «ወቀረ» ሆነ ብሎ «አነጸ»ን ያስመስላል። ጠራቢዎቹ መቀነስ ብቻ የሚችል መሣሪያ ይዘው የመጨመርን ታሪክ ጻፉ፤ ይኸውም የአክሱምን ወራሽነት የሚናገር ታሪክ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ግሦች አቀላቅሎ መናገር ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የሠሪዎቹን ሐሳብም ይሰውርብናል።

፫. መሠረቱ መጨረሻ ላይ ነው

«አነጸ» የሚለው ግሥ የታሪክ ጸሐፊውን ወደ አንድ ጥያቄ ይገፋዋል፦ መሠረቱ መቼ ተጣለ? ለታነጸ ቤት ጥያቄው ተገቢ ነው። በአማርኛ «መሠረት ጣለ» ማለት «ጀመረ» ማለት እስኪሆን ድረስ ማነጽ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። በዐለት ሥራ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጣሪያው ይቀድማል፤ ወለሉ መጨረሻ ይደረስበታል። 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ የቆመውን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በጣሪያው ላይ ያለውን መስቀል ነው፤ ሠራተኞቹም በቅድሚያ የደረሱበት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ በዐለት ሥራ ስሕተት አይታረምም። የታነጸ ግንብ ቢጣመም ፈርሶ ይደገማል፤ ከዐለት ያለ ልክ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ሁለተኛው ለታሪክ ጸሐፊው እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የኋላ ሠራተኛ የፊተኛውን ምልክት እየፈለፈለ ያጠፋዋል። በታነጸ ከተማ አሮጌው ከአዲሱ በታች ተቀብሮ ይቆያል፤ የአርኪኦሎጂ ባለሙያው ቆፍሮ ያገኘዋል። በተፈለፈለ ከተማ ግን አሮጌው ከአዲሱ በላይ ነበር፤ ተቆርጦም ተጥሏል። የቀረው ጥቂት ፍንጭ ነው። በአንዳንድ ግድግዳ ላይ ከዛሬው ወለል ከፍ ብለው የተንጠለጠሉ፣ ማንም ሊገባባቸው የማይችል መግቢያዎች ይታያሉ። እነዚህ በሮች ሲፈለፈሉ ወለሉ በልካቸው ነበር፤ በኋላ ሌላ ትውልድ ወለሉን ዝቅ አደረገው።

እንዲህ ባሉ ፍንጮች ላይ ተመሥርተው አንዳንድ ተመራማሪዎች የላሊበላን ሥራ ብዙ ዘመን የፈጀና በየደረጃው የተከናወነ አድርገው ማየት ጀመሩ። እንግሊዛዊው የአርኪኦሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሆነው እንዳልተሠሩ፣ ሥራውም ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ እንደ ተጀመረ ሐሳብ አቅርበዋል። የዘመን አቆጣጠሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሆኖም «መሠረቱ መቼ ተጣለ» የሚለው ጥያቄ ቦታውን «በስንት ጊዜ ተፈለፈለ» ለሚለው እየለቀቀ ነው። ተደጋጋሚነትን በቅርጹ የያዘው ግሣችን ይህን ሐሳብ ቀድሞ ይዞት ነበር ማለት ይቻላል።

ከላሊበላ በኋላም ሥራው አልቆመም። ከዛግዌ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ ከ1270 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር የሚያያዘው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚያው በላስታ ከዐለት ተፈልፍሏል። የንጉሡ ሥዕልም በግድግዳው ላይ አለ። ሥርወ መንግሥት ሲለወጥ ግሡ አልተለወጠም።

፬. ማን ፈለፈለ?

አሁን ወደ ግሡ ባለቤት እንመለስ። አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ቋንቋ ነው፤ ፈለፈለ፣ አስፈለፈለ፣ ተፈለፈለ ብሎ ሦስቱን ይለያል። «ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ፈለፈለ» ስንል መሮ የያዘው ንጉሡ ነው ማለታችን አይደለም፤ «አስፈለፈለ» ማለታችን ነው። ነገር ግን የአነጋገር ልማድ «አስ»ን ሲጥላት አብረው የሚወድቁ ሰዎች አሉ፤ መሮና መዶሻ የያዙት፣ ዐለቱን የለኩት፣ ፍርስራሹን በትከሻቸው ያወጡት።

«ተፈለፈለ» ስንል ደግሞ ባለቤቱ ጨርሶ ይሰወራል። ባዶውን ቦታ ሌላ ሰው ይሞላዋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ ላሊበላ መጥቶ ነበር። በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ያየውን ከዘረዘረ በኋላ፣ አንባቢ እንደማያምነው ሰግቶ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። በዚያው ላይ ሥራው በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመና ሠሪዎቹም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደ ሆኑ ነገሩኝ ብሏል። ይህ ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ብዙ ዘመን ኖሯል። የላስታ ሰው በራሱ ዐለት ላይ እንግዳ ሆኖ የቆመበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

የአገር ውስጡ ትውፊት በሌላ መንገድ ይሄዳል። በዛግዌ ዘመን ሳይሆን በኋላ የተጻፈው ገድለ ላሊበላ፣ መላእክት ከሰዎች ጋር አብረው እንደ ሠሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1892 ፔሩሾን በፓሪስ ካሳተመው ወዲህ ገድሉን የውጭ ምሁራንም ያውቁታል። ገድልን እንደ ሥራ መዝገብ አንብቦ «ማስረጃ የለውም» ማለት የገድልን ጠባይ አለማወቅ ነው። ገድሉ የሚመልሰው ጥያቄ «ማን ተቀጠረ» የሚለውን ሳይሆን «ይህ ቦታ ስለ ምን ቅዱስ ሆነ» የሚለውን ነው። ደግሞም ልብ በሉ፦ በገድሉ መላእክት ብቻቸውን አልሠሩም፤ ሰዎችም ነበሩ። ትውፊቱ ሠራተኛውን አላጠፋውም፤ ረዳት ሰጠው። ሠራተኛውን ያጠፋው የኋለኛው ዘመን ጉዳይ አጥኚ ነው፤ «ይህን እነርሱ ሊሠሩት አይችሉም» ብሎ።

የጽሑፍ ማስረጃችን ምን ይላል? በንጉሥ ላሊበላ ስም የተሰጡ የመሬት ስጦታ ሰነዶች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃሉ። የንጉሡ ስም ያለባቸው ግእዝ ጽሑፎች የተቀረጹባቸው የእንጨት መንበረ ታቦቶችም አሉ። እነዚህ የንጉሡን ደግ አድራጊነትና ሥልጣን ያስረዳሉ። የዐለት ሠራተኞቹ ማስረጃ ግን በሌላ ፊደል ተጽፏል፤ በግድግዳው ላይ በቀረው የመሣሪያ ምልክት። ያንን ፊደል ማንበብ መማር የእናንተ የተማሪዎቹ ተግባር ነው።

፭. የወጣው የት ደረሰ?

ወደ ፍልፈሉ እንመለስ። ገበሬው ፍልፈሉን ሳያየው የሚያውቀው በቆለለው አፈር ነው አልኳችሁ። ቁልሉ ትኩስ ከሆነ እንስሳው በቅርብ አለ፤ ደርቆ ሣር ካበቀለበት ሄዷል። ገበሬው ከቀረው ጉድጓድ ሳይሆን ከወጣው አፈር ጊዜን ያነባል።

ይህ የገበሬ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት ላይ የሳይንስ ዘዴ ሆኖ ታየ። ፋቭል፣ ብሩክሴል፣ ቦስ ቲዬሴ፣ ዴራና ባልደረቦቻቸው በላሊበላ ያደረጉት ምርምር ከትኩረቶቹ አንዱ ከዐለቱ የወጣው ፍርስራሽ የተከማቸበት ቦታ ነበር። የተቆረጠው ዐለት ዝም ብሎ አልጠፋም፤ ሥራው በተከናወነ ቁጥር አንዱ በአንዱ ላይ ተደፍቷል። በጉድጓዱ ውስጥ አሮጌው በአዲሱ ሲጠፋ፣ በክምሩ ውስጥ ግን አሮጌው ከታች፣ አዲሱ ከላይ ሆኖ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ጉድጓዱ የሰረዘውን ክምሩ መዝግቦታል። ይህን ክምር ከግድግዳው ፍንጭ ጋር አያይዘው ሲያነቡት፣ በመጀመሪያ ጠባብና ለመጠለያነት የሚመቹ ፍልፍሎች፣ በኋላም እየሰፉና እየጠለቁ የሄዱ ሥራዎች እንደ ነበሩ የሚያሳይ ሥዕል አገኙ።

እስቲ አስቡት። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻ 33 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ዙሪያውን ያለው ሰፊ አደባባይና ውስጡ ያለው አየር ሁሉ አንድ ጊዜ ዐለት ነበር። በጠቅላላው ከዚያ ኮረብታ የወጣው ብዙ ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ይህ ሁሉ በሰው ትከሻ ወጥቶ የተደፋው ዛሬ ሰዎች በሚኖሩበት፣ መንገድ በሚቀየስበት፣ አዲስ ቤት በሚሠራበት ምድር ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ማንም በግድግዳቸው ላይ መሮ አያነሣም። የፍርስራሽ ክምርን ግን ማን ቅርስ ይለዋል? ለቤት መሥሪያ ሲደለደል ማንም አያለቅስም፤ አፈር ነዋ። ሆኖም የሥራውን ቅደም ተከተል የሚነግረን መዝገብ ያ አፈር ነው። በሥርዓት ሳይጠና የተደለደለ ክምር አንድ ገጹ የተቀደደ የዜና መዋዕል መጽሐፍ ማለት ነው። ዛሬ እዚህ ካሉት ተማሪዎች አንዱ እንኳ የመመረቂያ ጽሑፉን «የወጣው የት ደረሰ» በሚለው ጥያቄ ላይ ቢያደርግ ንግግሬ ዋጋውን አገኘ።

፮. ቦረቦረ

ከመደምደሜ በፊት ሁለት የግሡን ዘመዶች ላንሣ፤ «ቦረቦረ» እና «ሸረሸረ»። በቅርጽ የፈለፈለ ወንድሞች ናቸው፤ ፊደላቸው ይደገማል፣ ድርጊታቸውም ይደጋገማል። በትርጉምም ቢሆን ሦስቱም ከአንድ ነገር ላይ ቀስ በቀስ መቀነስ ናቸው። ልዩነቱ በአድራጊው ነው። ሰው በአሳብና በልክ ሲቀንስ ፈለፈለ፤ ዝናብ፣ ጎርፍና ነቀርሳ ያለ አሳብ ሲቀንሱ ቦረቦሩ፣ ሸረሸሩ።

የላሊበላ ዐለት ቀላ ያለ፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ለመሮ የሚመች ዐለት ነው። ለመሮ የተመቸ ደግሞ ለውኃም ይመቻል። ፈልፋዮቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ የጣሪያውን ተዳፋት፣ ፍሳሽ የሚወርድባቸውን ቦዮችና ጥልቅ ጉድቦች ያዘጋጁት ስለዚህ ነው። ኋለኛው ዘመን ግን ብዙ ጊዜ ቅርሱን እንደ ታነጸ ቤት ሊጠግነው ሞክሯል። የተሰነጠቀውን ለመድፈን የተቀባው ሬንጅ ዐለቱን ሳያስተነፍስ ቀርቶ ሌላ ጉዳት ስላመጣ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመሩት ቡድን ያንን ልባስ ማንሣት ነበረበት። በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ዝናቡን ከለከሉ፤ የከተማው ነዋሪና ካህናት ግን ክብደታቸው ዐለቱን እንዳይጎዳው ያላቸውን ሥጋት በአደባባይ ገልጸዋል፤ ጉዳዩም እስከ መንግሥታት መሪዎች ደርሷል።

በዚህ ክርክር ውስጥ መሐንዲስ ስላልሆንሁ ፍርድ አልሰጥም። የምለው ስለ ግሡ ነው። «ጠገነ» የሚለው ግሥ መጨመርን ያስባል፤ በወደቀ ድንጋይ ምትክ ሌላ ድንጋይ ማስገባትን። በተፈለፈለ ቤት ግን የሚተካ ድንጋይ የለም፤ ሕንጻውም ተራራውም አንድ አካል ናቸው። ተራራውን ሳይጠብቁ ቤተ ክርስቲያኑን መጠበቅ አይቻልም። ከኮረብታው በላይ ያለው ማሳ፣ ውኃው የሚሄድበት ቦይ፣ የነዋሪው የፍሳሽ መስመር፣ ሁሉም የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አካል ናቸው። ትክክለኛውን ግሥ የያዘ የጥበቃ ዕቅድ ይህን ከመጀመሪያው ይረዳል፤ የተሳሳተውን የያዘ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ኋላ ይማረዋል።

፯. መዝጊያ

ከላስታ ጎን ያለችው ዋድላ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች አገር ናት። በዚያ የተማረ ሰው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲይዝ አይደናገጥም፤ ኅብር ብሎ ይደሰትበታል። ነገር ግን የቅኔ መምህር ኅብሩን ከማድነቁ በፊት ተማሪውን ግሡን ያስፈታዋል፦ ዘሩ ምንድር ነው፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ተሳቢው ምንድር ነው? ከታሪክ ጸሐፊም የሚጠበቀው ይኸው ነው።

«ላሊበላ ከዐለት ተፈለፈለ» የሚለውን ሁላችንም ከልጅነት የሰማነውን ዐረፍተ ነገር ዛሬ በቅኔ ቤት ወግ ብናስፈታው አራት ጥያቄ ይወጣዋል። በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በተደጋጋሚ? ማን ፈለፈለ፣ ማንስ አስፈለፈለ? የወጣው የት ተጣለ? የቀረውንስ አሁን ማን እየቀነሰው ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ምሁራን ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩባቸው ኖረዋል፤ ገናም ይከራከራሉ። ሦስተኛው በቅርቡ ተከፍቷል። አራተኛው ግን ክረምት በገባ ቁጥር ይጠየቃል፤ መልሱን የምንሰጠው በጽሑፍ ሳይሆን በሥራ ነው።

እናቶቻችን ባቄላ ሲፈለፍሉ ፍሬውን ከቆባው በትኩረት ይለያሉ፤ ቆባውም ቢሆን ለከብት ይሆናልና በከንቱ አይጣልም። የታሪክ ጸሐፊም የወጣውንም የቀረውንም እንዲህ ቢይዝ መልካም ነው።